ያልወረደው አምስት ቁጥር

ኡመኪቺ ታካጊሪ ማሩ በምትባል የጃፓን መርከብ ላይ ክሬን ይዞ ስድስት ዓመት ሠርቷል። መርከቧ መጀመሪያ ከሰልና አኩሪ አተር ጫኝ ነበረች። በፈረንጅ 1941 ባሕር ኃይሉ ወሰዳት፤ ኋላዋ ላይ ክሬን ተከለላት፣ ስምንት የባሕር አውሮፕላን አሸከማትና ወደ ደቡብ ደሴቶች ላካት። ኡመኪቺም ከክሬኑ ጋር ተላከ። ከዚያ በፊት ኦኖሚቺ ወደብም ሥራው ክሬን መያዝ ነበር።

አውሮፕላኗን ከመርከቧ ወለል አንስቶ ውሃ ላይ ያስቀምጣል፤ ትነሣለች። ስትመለስ መርከቧ በኃይል ትታጠፍና ከጎኗ የተኛ ውሃ ትሠራላታለች። አብራሪው እዚያ ያርፍና ወንበሩ ላይ ቆሞ መንጠቆውን ይቀበላል። የሚሳበው ማዕበሉ ወደ ላይ ሲገፋ ብቻ ነው። ሲወርድ የሳበ ክንፍ ይሰብራል። ኡመኪቺ ሰብሮ አያውቅም።

ከስጎ በርሜል ክዳን የቆረጣቸው፣ ቁጥር የጻፈባቸው ስምንት እንጨቶች ነበሩት። አንዷ አውሮፕላን ስትወጣ ቁጥሯን ክሬኑ ቤት ውስጥ ሚስማር ላይ ይሰቅላል፤ ስትገባ ያወርዳል። በክሬን የወጣ በክሬን ይገባል። ይህን ያዘዘው ሰው የለም፤ ደንቡ የራሱ ነው።

በ1943 የካቲት፣ አንድ ጠዋት፣ አምስት ቁጥር ከቅኝት ስትመለስ የሰርጓጅ መርከብ ማስጠንቀቂያ ተነፋ። ታካጊሪ ማሩ ሳትታጠፍ ቀጥ ብላ ሸሸች። አብራሪው ሂዳካ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ሰው፣ ሁለት ጊዜ ከላያቸው ዞረ። ኡመኪቺ እጁ የክሬኑ ዘንግ ላይ እንዳለ አየው። ከዚያ አውሮፕላኗ ወደ ምሥራቅ ሄደች።

ከወር በኋላ ሂዳካ ሞቷል የሚል ወረቀት ለእናቱ ተላከ። የመርከበኞቹ አለቃ ሙራኮሺ ክሬኑ ቤት መጣ።

«ይቺን እንጨት አውርዳት።»

«አላስገባሁትም እኮ፣ አለቃ።»

«ሞቷል ተብሏል።»

«ማን አየ?»

«ወረቀት መጥቷል።»

«እኔ ሲበር ነው ያየሁት።»

ሙራኮሺ በየወሩ እየመጣ ይህንኑ ይላል፤ ኡመኪቺም ይህንኑ ይመልሳል። ሌሎቹ ሰባት አውሮፕላኖች ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወሩ፤ በክሬን ወርደው በፊርማ ስለተሰጡ እንጨታቸው ሳጥን ገባ። መርከቧ ሁለት ቦምብ በላች፤ ተጠገነች። የክሬኑ ቤት ጣሪያ ተበሳ፤ ሚስማሩን ምንም አልነካውም። ጦርነቱ አለቀ።

በ1946 ታካጊሪ ማሩ መድፏ ተነቅሎ፣ ሆዷ ውስጥ የጣውላ መኝታ ተሠርቶላት፣ በየደሴቱ የቀሩ ወታደሮችን ትሰበስብ ጀመር። አንዱ ደሴት ላይ ሰዎቹ በጀልባ እየመጡ በገመድ መሰላል ሲወጡ፣ ኡመኪቺ ከላይ አንድ ፊት አየ። አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«መቶ አለቃ፣ ይውረዱ!»

ሂዳካ መሰላሉ መሐል ላይ ቀና አለ። «ጋሼ ኡሜ? አለህ እንዴ?»

«አለሁ። ይውረዱ፣ መንጠቆ እልካለሁ።»

«እዚህ ድረስ ወጥቼ?»

«ሲሄዱ በመሰላል አልሄዱም።»

ሙራኮሺ እየሮጠ መጣ። «ምን ነካህ አንተ ሰው? ዘጠኝ መቶ ሰው ተሰልፏል እኮ።»

«አምስት ቁጥር ነው፣ አለቃ።»

ሙራኮሺ ወደ ታች አየ። ጠርዙ ጋ ቆሞ ለክሬኑ ምልክት ሊሰጥ እጁን ዘረጋ። ሂዳካ ወረደ፤ መሰላሉ ላይ ከሥሩ የነበሩት ሰዎችም እያጉረመረሙ አብረው ወረዱ።

ክሬኑ አራት ቶን እንዲያነሳ የተሠራ ነው። ሂዳካ ከነቡትቶው ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ነበር። የጭነት መረብ ውስጥ ቁጭ በል ቢሉት እምቢ ብሎ መረቡ ውስጥ ቆመና መንጠቆውን በእጁ ተቀበለ። ኡመኪቺ ሁለት ማዕበል አሳለፈ፤ በሦስተኛው ሳበ፤ ወለሉ ላይ አስቀመጠውና ከክሬኑ ቤት ወረደ።

«ሁለት ጊዜ ዞሬልህ ነበር» አለ ሂዳካ ሲያየው።

«ቆጥሬያለሁ። እጄ ዘንጉ ላይ ነበር።»

«አይቼዋለሁ።» ሂዳካ መረቡን ከእግሩ አላቀቀ። «እናቴን ምን አሏት?»

«ሞቷል።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ገና አልገባም አልኩ።»

ኡመኪቺ ተመልሶ ክሬኑ ቤት ወጣ። እንጨቷ ከሚስማሩ ዝገት ጋር ተጣብቃ ስለነበር በጉጠት አላቀቃት። ከሰባቱ ጋር ሳጥን ውስጥ አስገባትና ዘንጉን ያዘ፤ ታች ጀልባው ላይ በሽተኛ የተኛበት ቃሬዛ መነሣት እየጠበቀ ነበር።

በወሩ ሙራኮሺ እንደ ልማዱ ክሬኑ ቤት መጣ። ባዶውን ሚስማር ሲያይ ቆቡን ሰቀለበት።