የደነዘዘ እጅ

ጣልያን በወጣ በጥቂት ዓመቱ ነው። በሐምሌ ጠዋት ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስወጣ፣ ካፖርት ኪሴ ውስጥ በረዶ የገባ መሰለኝ። ዳበስ ባደርግ የሰው እጅ ነው። የአራዳ ኪስ አውላቂ ሲገባም ሲወጣም አይታወቅም ይባል ነበር፤ የእኔው ግን ቦርሳዬን ለመጨበጥ ይታገላል።

«ምን ትሠራለህ?» አልኩት እጁን ይዤ።

«ጣቴ ደንዝዞ እኮ ነው ጌታዬ፤ አልታዘዝ አለኝ» አለ። ያሳፈረው ኪሴ መግባቱ ሳይሆን የሥራው ጥራት መጓደሉ ነበር።

ይህን ጊዜ የንስሐ አባቴ ከሥላሴ ሲመለሱ ደረሱብን። እጅ ለእጅ እንደተያያዝን አይተው፣ «ዘመድህ ነው?» አሉኝ። ከሌባ ጋር ቆሜ መታየቱ አሳፍሮኝ፣ «አዎ፣ አባቴ» አልኩ።

መስቀል ሲያሳልሙት እጁን ነኩት። «ኧረ ይሄ ሰው በብርድ አለቀ። እሸው እንጂ፤ ዘመድ ለመቼ ነው?»

ምን ይደረግ። አባ ቆመው እያዩኝ የሌባዬን ጣቶች አንድ በአንድ አሸሁ፤ እፍ እፍም አልኩባቸው። አባ መርቀውን ሄዱ። እሱም እንደ ጨዋ ሰው እጅ ነስቶኝ ሄደ።

ጣቶቹ በደንብ እንደተፍታቱ ያወቅሁት፣ ቢሮ ደርሼ የእጅ ሰዓቴን ለማየት እጅጌዬን ስሰበስብ ባዶ ክንዴን ሳገኘው ነው።