ጾመኛዋ ተማሪያችን

«ጾመኛ ነኝ፣ መምህር» አለችኝ ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን።

ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። በበዓለ ኃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም።

እናቷ ከትክል ድንጋይ ይዛት መጥታ፣ እዚህ ጎንደር በቀን ሥራ ታሳድጋታለች። ትምህርት ቤቱን በደብራችን ግቢ የከፈትነውም ለእንዲህ ያሉ ልጆች ነው።

ስንመሠርተው በጠዋት ጸሎቱ ርዝመት ስንት ቀን ተከራክረናል። ምሳን ያነሣ ግን አልነበረም።

ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስላልቀመሰች፣ ሰልፍ ላይ «እሷን ምሰሉ» እያልሁ አመስግኛት ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ጾሙ ተፈታ እኮ» አልኋት።

መሬት መሬት እያየች «እኛ ቤት አልተፈታም» አለችኝ።

በልጅነታችሁ «ጾመኛ ነኝ» እያላችሁ ምሳ ሰዓትን ያሳለፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። እንዴት ብንጠይቃችሁ እውነቱን ትነግሩን ነበር?