የአራቱ እንግዶች ዋስ

በስድሳዎቹ ዓመታት ሰቆጣ ውስጥ ጭነት ያለው ሰው በቅሎ ቢፈልግ፣ መጀመሪያ የሚጠራለት ስም የተስፋው ነበር። ቤቱ ውስጥ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው የሚናገረው፤ አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ ያም ሆኖ የፈለገውን ለማለት ቃል አጥሮት አያውቅም። «መንገዱን የሚያውቁት በቅሎዎቹ ናቸው፤ እኔ ጭራቸውን እያየሁ ነው የምከተል» ይላል። ውሸቱን ነው። በቅሎዎቹ ያለ እሱ ከገበያው ጥግም አያልፉም።

ተስፋው የማይጥሳት አንዲት ሕግ ነበረችው፤ ቆላ ይወርዳል እንጂ ቆላ አያድርም። ተከዜ ዳር ጉዳይ ቢኖረው ሲነጋ ወርዶ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ደጋው ላይ ይወጣል። ሥራው ካላለቀ በማግስቱ ይመለስበታል። ታላቅ ወንድሙ ይግዛው አንዲት ሌሊት ብቻ ወንዙ ዳር አድሮ፣ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ንዳድ ያዘው፤ በሃያኛው ቀን ቀበሩት። ያን ጊዜ ተስፋው ገና ጎረምሳ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ ቆላ አዳር የሚከራከረው ሰው ካለ፣ ጭነቱን አውርዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በስድሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ፣ ደርግ ንጉሡን ካወረደ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ አራት ፈረንጆች ሰቆጣ ገቡ። ከባሕር ማዶ ካለ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ናቸው፤ አንድ ፕሮፌሰር፣ ሁለት ወንዶች ተማሪዎችና አንዲት ሴት ተማሪ። ከአዲስ አበባ ወልደ ሐዋርያት የሚባል መነጽር ያደረገ ወጣት መምህር በአስተርጓሚነት ተከትሏቸዋል። ከሰቆጣ በታች ወዳለው ዝቋላ ወርደው የተከዜን ድንጋይ ሊያጠኑ ነው ተባለ። የገበያው ሰው ሳቀ። ለድንጋይ ብሎ ባሕር መሻገር ምን የሚሉት ነው፤ ቢልኩብን ኖሮ በአህያ ጭነን በሰደድንላቸው።

የአውራጃው ሹም ግን አልሳቀም። በዚያ ዘመን ሹም የሚስቅበት ነገር ብዙ አልነበረም። «ፈረንጅ በግዛቴ ውስጥ ቢሞት የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለና ዋስ ይቅረብ አለ። ባለሱቁ ሸምሱ፣ የተስፋው የልብ ወዳጅ፣ ደግ የሠራ መስሎት ስሙን ሰጠ። ተስፋው ተጠርቶ ሄደ፤ ጸሐፊው አነበበለት። አራቱን እንግዶች ከነዕቃቸው በጤና ወስዶ በጤና ሊመልስ፣ አንዱ ቢጎድል በራሱ ሊጠየቅ ይላል። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ።

ሚስቱ ታይቱ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች። «አባት እናታቸውን ለማታውቅላቸው ሰዎች ዋስ ሆንክ? ደግ አድርገሃል። እኔም ነገ ለነፋሱ ዋስ እሆናለሁ።»

«አባት እናታቸው ሩቅ ስለሆኑ ነዋ» አላት።

በመንገዱ ሁለተኛ ቀን ጽጽቃ የምትባል መንደር ሲደርሱ የተስፋው ጫኞች ለሁሉም ስም አውጥተው ጨርሰዋል። ፕሮፌሰሩ ያገኘውን ቋጥኝ ሁሉ ስለሚቀጠቅጥ አቶ መዶሻ ተባለ። ልጅቱን፣ የራሷን ስም መጥራት ቢቸግራቸው፣ አገኘሁሽ አሏት። እሷም ወደደችው፤ ሲጠሯት አቤት ማለት ሁሉ ተማረች።

አቶ መዶሻ ክፉ ሰው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ግን ቁርስ ሳይቀመስ አንድ ወረቀት አውጥቶ ያነባል። ዩኒቨርሲቲያቸው ሲሰዳቸው ያስፈረማቸው ነው አለ ወልደ ሐዋርያት፤ ባዕድ አገር ላይ ሊያገኛቸው የሚችለው አደጋ ሁሉ በተራ ተጽፎበታል። እባብ፣ ፀሐይ፣ ያልፈላ ውኃ፣ ውሻ፣ ሽፍታ። ለእያንዳንዱም መድኃኒቱ አብሮ አለ። ተስፋው በጥሞና አዳመጠ፤ ነገሩ ደስ አለው። ሰው ለልጆቹ እንዲህ ሲያስብ ማየት መልካም ነው።

«ንዳድስ አለበት ወይ መምህር?» ሲል ጠየቀ።

«የወባ? አለበት እንጂ አያ ተስፋው። ለእሱ ክኒን አለ፤ በየማለዳው አንድ አንድ ይውጣሉ።»

እውነትም ፕሮፌሰሩ በእጁ ያድላል፣ ልጆቹ ይውጣሉ። ጽጽቃ ላይ አንደኛው ወንድ ልጅ ከምንጭ ቀጥታ ሲጠጣ ተገኘና አቶ መዶሻ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ምን አለው ቢሉ፣ ሁለተኛ ወረቀቱን ከጣስክ ከዚህ ትመለሳለህ፣ ትምህርትህም ያበቃል ብሎታል። ልጁ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ዋለ።

በዚያው ዕለት ማለዳ ነው ተስፋው ያየው። አገኘሁሽ ክኒኗን ተቀበለች፣ ውኃ ጠጣች፣ ከበቅሎዎቹ ኋላ ዞረችና ከጉንጯ አውጥታ ተፋችው። የበቅሎ ሰው ነው እንግዲህ፤ መድኃኒት በጉንጯ የምትደብቅ በቅሎ ስንቷን አይቷል። በማግስቱም ተከታተላት፤ ደገመችው። የሚያስመልሳት ይመስላል፤ የዋጠች ዕለት ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

ይናገር? አሁን እኛ ቁጭ ብለን ስናወራው ቀላል ነው። ቢናገር ልጅቱ ከነገ ወዲያ ወደ አገሯ ትሰደዳለች፤ ያን ሁሉ ባሕር ያሻገራት ትምህርት ገደል ይገባል። ደግሞ እንግዳን፣ ያውም ሴት ልጅን፣ በአለቃዋ ፊት ማሳጣት በእነ ተስፋው አገር ነውር ነው። ዝም አይነቅዝም አለና ዋጠው። የእሷን ክኒን እሱ ዋጠላት ማለት ነው። መላው አንድ ብቻ ነበር፤ ልጅቱን ቆላ አለማሳደር።

ተከዜ የደረሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አቶ መዶሻ የወንዙን ዳር አሸዋ ሲያይ እጁን አፋተገ፤ ድንኳኖቹ እዚሁ ይተከሉ አለ። ሥራው የስድስት ቀን ነው።

ተስፋው ወልደ ሐዋርያትን ይዞ ቀረበ። «ንገሩልኝ መምህር። ከላይ ከአፋፉ ላይ ነፋሻ ሜዳ አለ፤ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ማታ ማታ እንውጣ፣ ጠዋት ጠዋት እንውረድ።»

ፕሮፌሰሩ እስኪጨርስ ሰማው፤ ጨዋ ሰው ነው። ከዚያ ወረቀቱን አወጣ። ክኒን አለ፣ አጎበር አለ፣ ተጽፏል። በቀን አራት ሰዓት አቀበትና ቁልቁለት ላይ ማቃጠል አይቻልም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። ተስፋው ሁለተኛም ሦስተኛም ለመነ፤ አይሆንም ተባለ። ወልደ ሐዋርያትም ሰልችቶት ፎጣውን ይዞ ወደ ውኃው ወረደ።

ተስፋው ጎንበስ ብሎ ከወንዙ ዳር ጨቅላ ሕፃን የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አነሣ፤ ማጅራቱ ላይ አደረገና አንገቱን ደፍቶ ፕሮፌሰሩ ፊት ቆመ።

ድንጋይ ተሸክሞ ለሚለምን እንቢ አይባልም። ደም የተቃቡ እንኳ በዚህ ይታረቃሉ። ተለማኙ እሺ ካለ በእጁ ድንጋዩን ያወርድለታል፤ ካወረደ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም። ጫኞቹ ይህን ሲያዩ የያዙትን ገመድ ለቀቁ። ተስፋው በሕይወቱ ለማንም ድንጋይ ተሸክሞ አያውቅም፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ ስለ አንዲት የሰው ልጅ ቆመ።

አቶ መዶሻም ድንጋዩን አየው። ዓይኑ በራ። በሁለት እጁ ከተስፋው ማጅራት ላይ ብድግ አደረገው፣ አገላበጠው፣ በምላሱ ሳይቀር ቀመሰው፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አመሰገነውና መዶሻውን ፍለጋ ሄደ። ምስኪን፤ ጥሩ ድንጋይ መርጦ ያመጣለት መስሎታል።

ተስፋው ቀና አለ። «አውርዶልኛል። እሺ ብሏል። ጫኑ» አለ።

ጫኞቹ በሳቅ እየፈነዱ ድንኳኑን ጠቀለሉ። ወልደ ሐዋርያት ፀጉሩን እያደረቀ ሲመለስ በቅሎዎቹ ተጭነው ፕሮፌሰሩ በሁለት ቋንቋ ይጮሃል። የሆነውን ጫኞቹ ነገሩት። መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ጠረገ። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ የወረደ ድንጋይ ተመልሶ እንደማይጫን ያውቃል።

«ምን አደረግኩ ነው የሚሉኝ?» አለ ፕሮፌሰሩ።

«በአገሩ ሕግ ተስማምተዋል» አለው ወልደ ሐዋርያት። «አሁን እንቢ ቢሉ ነገ በቅሎ የሚነዳልዎት አንድ ሰው አያገኙም።»

ወጡ። ስድስቱንም ቀን እንደዚያው ሆነ፤ ጠዋት ወረዱ፣ ከመምሸቱ በፊት ወጡ፤ አንድ ቀን ብቻ አቶ መዶሻ አንድ የድንጋይ ስንጥቅ አግኝቶ አልነሣም ብሎ ለዓይን ሲይዝ ነው የተነሡት። ድንጋይ የሞላባቸውን ሣጥኖች ግን በየዕለቱ አቀበት ማውጣት ለበቅሎ ግፍ ነው። ሣጥኖቹ ወንዙ ዳር ቀሩ፤ ዋስትናው ደግሞ ከነዕቃቸው ይላል። ጫኞቹ በተራ እንደር አሉ። ተስፋው «የፈረምኩ እኔ፣ የምታድሩ እናንተ? አይሆንም» አለና ስድስቱን ሌሊት ብቻውን ሣጥኖቹ አጠገብ አደረ። ያችን የዕድሜ ልክ ሕጉን እንዲህ አድርጎ ጣሳት። ክኒንም፣ አጎበርም አልነበረው።

ሰቆጣ ሲመለሱ ሹሙ አራቱን በዓይኑ ቆጠረ። አገኘሁሽ ጫኞቹን ሁሉ እየዞረች ጨበጠች፤ ተስፋውንም ጨበጠችው፤ እንደማንኛውም ሰው። አቶ መዶሻ ግን ኩርፊያው አልለቀቀውም፤ ለተስፋው ሳይሰናበት መኪና ላይ ወጣ።

በተመለሱ በዘጠነኛው ቀን ተስፋው ገበያ መሐል ብርድ ብርድ አለው። ቤቱ እስኪደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ታይቱ ያላትን ልብስ ሁሉ ደረበችበት፤ አልሞቀውም። ሸምሱ በቅሎ ላይ አድርጎ ጤና ጣቢያ ወሰደው፤ ምንዋጋው የተባለው ጤና ረዳት ደሙን አየና ወባ ነው አለ። እግዜር ይስጠው፣ በጊዜ ነበርና መድኃኒቱ ያዘለት። ትኩሳቱ ለቀቀው።

ምግብ ግን እንቢ አለ። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው ተጋመሰ፤ አንድ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ታይቱ ትቆጣለች፣ ታባብላለች፤ አይሆንም። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት ነገራት። ክኒኑን፣ ጉንጯን፣ መትፋቷን፣ ሁሉንም።

«ምንዋጋውን ጠየቅሁት፤ ትንኟ ከመሸ ወዲህ ነው የምትነክስ አለኝ። ያን ቀን ግን መሽቶብናል ታይቱ። ለዓይን ይዞ ነበር። እሷን ነክሳት ቢሆንስ? እኔን ሰቆጣ ሆኜ ምንዋጋው ያውቅልኛል። እዚያ በረዶ አገር ማን ያውቅላታል? ምንድነው ያመማት ይባባላሉ እንጂ። ነግሬ ቢሆን እኮ ክኒኑን ሌላ ይቀይሩላት ነበር። ዝም ያልኩት ለእሷ ነው ወይስ ለይሉኝታዬ?»

ታይቱ ልትቆጣው አፏን ከፍታ ነበር። ተወችው፤ አጠገቡ ተቀመጠችና እግሩን ታሸው ጀመር።

ታኅሣሥ በባተ በአራተኛው ቀን ሸምሱ ወረቀት ይዞ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ለአውራጃው ከአዲስ አበባ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ግልባጩን ጸሐፊው ሰጥቶታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እየተናደደ አነበበ። መንገድ መሪው ተስፋው የተባለው ግለሰብ የጥናት ቡድኑን መሪ በማታለል ከሥራ ቦታው በማፈናቀሉ፣ ሥራውም በግማሽ በመጓደሉ፣ ወደፊት ለማንኛውም የውጭ አገር እንግዳ እንዳይመደብ ይላል።

«ይኼ ነው እንግዲህ ምስጋናው» አለ ሸምሱ። «አንተ ሞተህ ልትቀበርላቸው ነበር። ስምህ እንኳ የተጻፈው የሌባ ስም እንደሚጻፍ ነው። የቀረው የማያስፈልግ ነው፤ ‹አራቱም የቡድኑ አባላት አገራቸው ገብተው በተደረገላቸው ምርመራ ሙሉ ጤነኞች ሆነው መገኘታቸውን እየገለጽን...›»

«ቆይ» አለ ተስፋው፤ ከግድግዳው ዞረ። «እሷን ድገማት።»

«የትኛዋን? የማታለሉን?»

«የኋለኛዋን።»

ሸምሱ ግራ እየገባው ደገመለት። ተስፋው እንደገና አስነበበው፤ አራቱም ይላል ወይስ ሦስቱ፣ በደንብ እይልኝ አለ። አራቱም ይላል አለው። ተስፋው የደረበውን ጋቢ ገልጦ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገና ታይቱን የሚበላ አምጪ አላት።

እሷም አመጣችለት፤ ሸምሱም ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ውጭ ወጥቶ ቆመ።