የአክስቴ ቁንጥጫ

አክስቴ ስትቆነጥጥ ፊቷ አይለወጥም። እንግዳ እያጫወተች፣ በቀኝ እጇ የሙሸበክ ጣፋጭ ሳህን እያቀረበች፣ በግራዋ ጭንሽን ትይዝና እንደ በር ቁልፍ ታዞረዋለች። አንቺ ዓይንሽ እንባ ሲሞላ እሷ «ማሻአላህ፣ ልጆችዎ እንዴት አድገዋል!» እያለች ከእንግዳዋ ጋር ትስቃለች። ኮልፌ እኛ ሰፈር ያደገች ሴት ልጅ ሁሉ የዚያች እጅ ማስታወሻ አንድ ቦታ ላይ አላት። እኔ ብዙ ቦታ ላይ ነበረኝ፤ አፌ አያርፍማ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሲሞት ልጆቿ ሁሉ ትዳር ይዘው ስለነበር ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ትንሽ ክፍል ያዘች፤ ከዚያም እኔንና ታላቅ እህቴን ሥርዓት ማስያዝን ሥራዬ ብላ ያዘችው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ስለሚውል በሴቶች ጉዳይ የሚናገረው ነገር ከሦስት ቃል አይበልጥም። እናቴ ደግሞ አክስቴን ትፈራት ነበር። እኔም እፈራት ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አፌ ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

እህቴ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗት አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ ሽማግሌ መጣ። ልጁ መርካቶ ከአጎቱ ጋር ጨርቅ የሚሸጥ፣ ረጋ ያለ፣ ጥርሰ መልካም ነው። እህቴ በበሩ ስንጥቅ ሁለት ጊዜ አየችው። እኔ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ሦስተኛው የእሷ ድርሻ ነበር፣ ስታፍር ጊዜ አየሁላት። ሰውየውን አልጠላችውም። ቢጠይቋት እሺ ልትል እንደምትችል እኔም አውቅ ነበር። ችግሩ ትምህርቱ ነው። እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ አስተማሪ ልትሆን ነበር ሐሳቧ። ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ ያገባች ልጅ ደብተሯ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቅጠል በቅጠል እየተገነጠለ የቅመም መጠቅለያ ይሆናል።

አባቴን ጠየቀችው። «ከባልሽ ጋር ተነጋገሩ» አላት፤ ይኸው ሦስት ቃል። የልጁ እናት ነገሩን ሰምተው ኖሮ ለእናቴ እንዲህ አሏት፦ «አሥረኛ ክፍል ምን አነሳት? ወጥ እንደሆን በእንግሊዝኛ አይሠራ!» እናቴ ሳቀች። እህቴ ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደምል ጠፋኝና አጠገቧ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

መፍትሔው የመጣው ከሼኪ ነው። ሼኪ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ቁርአን ያስቀሩናል፤ ማንበቡንም ትርጉሙንም ያስተምሩናል። አንድ ቀን ስለ ኒካህ፣ ስለ ጋብቻ ማሰሪያው፣ ሲያስረዱን፣ ኒካህ ከመታሰሩ በፊት ሁለት ምስክሮች ወደ ሙሽራዋ ሄደው አባቷን መወከሏን መጠየቅ እንዳለባቸው ነገሩን። ጨምረውም ሴቷ ውል ማስገባት ከፈለገች ያን ጊዜ ትናገራለች፣ ባልየው ከተቀበለ ይታሰርበታል አሉ። ልጆቹ ተሳሳቅን። አንዲት ሙሽራ ያን ጊዜ አፏን ስትከፍት ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለማ! እኛ የምናውቀው ልጃገረድ ስትጠየቅ ታፍራለች፣ ዝም ካለች ፈቅዳለች ተብሎ ይታሰራል የሚለውን ብቻ ነው። ለዓይን አፋሯ ልጅ የተሰጠው ማቅለያ እኛ ሰፈር ሲደርስ ግዴታ ሆኖ አረፈው። የተናገረች ሙሽራ ለባል የቸኮለች ናት፤ ዓይን አውጣ ናት፤ እናቷም አላሳደገቻትም።

እህቴ አልሳቀችም። ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው።

ከዚያ በኋላ ልምምድ ጀመርን። ከቤታችን ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር፣ ልብስ የምናሰጣበት ቦታ አለ። አንሶላው መጋረጃ ሆነ። እኔ የአባቴን ቆብ አድርጌ፣ በከሰል ጢም ሠርቼ ሁለቱንም ምስክሮች ሆንኩ። አንደኛው ወፍራም ድምፅ አለው፣ ሁለተኛው ያስላል።

«ልጄ ሆይ፣ አባትሽን ወክለሻል ወይ?»

«አባቴን ወክያለሁ» ትላለች እህቴ ከአንሶላው ወዲያ። «አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክጨርስ ግን ከትምህርቴ…»

እዚህ ስትደርስ ድምፅዋ ይጠፋል። በየቀኑ እንደገና እንሞክራለን፤ በየቀኑ «ከትምህርቴ» ላይ ስትደርስ ትሰጥማለች። እኔ ግን ንግግሩን እንደ ቁርአኑ ፋቲሃ ሸመደድኩት።

የኒካሁ ቀን ግቢያችን ዳስ ተጣለበት። ወንዶቹ ከሼኪና ከሙሽራው ጋር ዳሱ ውስጥ፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ፣ ኮረዶቹ ከነድቤያቸው መስኮቱ ሥር ናቸው። ሙሽራዋ መኝታ ቤት አልጋ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች በአረንጓዴ ሻል ተሸፍና ተቀመጠች። አክስቴ እኔንም እዚያው ሻል ውስጥ ከተተችኝ። ሁለት ሙሸበክ በልቼ ሦስተኛውን ስሰርቅ ስለያዘችኝ፣ ዓይኗ ሥር እንድሆን ፈልጋ ነው። እሷ መሐላችን ገብታ ተቀመጠች። ቀኝ እጇ እህቴ ጭን ላይ፣ ግራ እጇ እኔ ጭን ላይ አረፈ። አፋችንን የምትይዝበት መላ ነው። ሁለታችንም ምን እንደሚጠብቀን እናውቃለን።

ምስክሮቹ መጡና ከበሩ መጋረጃ ማዶ ቆሙ። አንደኛው እውነትም ያስላል!

«ልጄ፣ አባትሽ ኒካህሽን እንዲያስሩልሽ ወክለሻል ወይ?»

ዝም።

«ወክለሻል ወይ?»

እህቴ በአክስቴ ጀርባ በኩል እጇን ሰዳ እጄን ያዘችው። ሂና የተቀባ እጇ በረዶ ሆኗል። ስትተነፍስ ይሰማኛል፤ ቃል ግን አይወጣም። ሦስተኛ ጊዜ ጠይቀው ዝም ካለች አለቀ። ደብተሩ የቅመም መጠቅለያ ሆነ ማለት ነው። በዚህ መሐል ከመስኮቱ ሥር አንዷ ችኩል ድቤዋን ደለቀች። አክስቴ ኮረዶቹን ዝም ለማሰኘት ግራ እጇን አነሳች። ጭኔ ነፃ ወጣ።

«አባቴን ወክያለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክጨርስ ግን ከትምህርቴ ማንም እንዳይከለክለኝ! ውሌ ይኸ ነው፤ ኒካሁ ላይ ይጻፍልኝ!»

እናቴ የያዘችውን ትሪ ለቀቀችው። የሚያስለው ምስክር ሳሉን ረሳና «አስተግፊሩላህ» አለ። ሁለቱም ወደ ዳሱ ተመለሱ፤ ወዲያው የወንዶች ጫጫታ ተነሳ። «ሙሽሪት ተናገረች? እንዴት ያለችው ናት?» ሲል የሙሽራው አጎት ይሰማኛል። አክስቴ ምን እንዳደረገችኝ አልናገርም፤ ለሳምንት በአንድ ጎኔ ብቻ ተኝቻለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሼኪ ራሳቸው መጋረጃው ጋ መጡ።

«ሙሽራዋ ዕድሜዋ ስንት ነው?» አሉ።

«አሥራ ሰባት» አለች እናቴ።

«እስከ ዳሱ የተሰማው ድምፅ አሥር ዓመት አይሞላውም። አውቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲበጠብጠኝ የሚውል ድምፅ ነው።» ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ለሰው ኒካህ መልስ መስጠት አይቻልም። ውሉ ግን ተገቢ ነው። ሙሽራዋ ራሷ ከተናገረችው ይጻፋል። ዝም ካለች ያለ ውል እናስራለን።»

በሻሉ ውስጥ የአክስቴን ቀኝ እጅ አየሁት። እህቴ ጭን ላይ እንዳለ ነው፤ ጣቶቹ ግን አልተጨበጡም። ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«አባቴን ወክያለሁ» አለች እህቴ። ድምፅዋ ክር አክሏል። «አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክጨርስ ግን ከትምህርቴ…» አለችና ቆመች። «ከትምህርቴ ማንም እንዳይከለክለኝ። ውሌ ይኸ ነው።»

ሼኪ ተመልሰው ለሙሽራው ነገሩት። ያ ረጋ ያለ ልጅ ሰው ሁሉ እየሰማው «ተቀብያለሁ፤ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታው ድረስም አደርሳታለሁ» አለ። ዳሱ በሳቅ ሞላ። ያን ጊዜ ወደድኩት። እናቱ ግን «ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ» እያሉ እስከ ምሳ ቆዩ።

በማግሥቱ አክስቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ቁንጥጫዬን እየጠበቅኩ ጭኔን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

«እኔ እንዴት እንደ ተጠየቅኩ ታውቂያለሽ?» አለችኝ ከትሪው ቀና ሳትል።

«አላውቅም።»

«አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሲያጥቡኝ፣ ሲቀቡኝ፣ ፀጉሬን ሲሠሩኝ ሰንብተው ደክሞኛል። ሻሉን ሲያለብሱኝ ጨለማ ሆነልኝ፤ ግድግዳ ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ አሉ። ዝም አልኩ፤ ተኝቼ! እልልታው ነው የቀሰቀሰኝ። ‹ማን አገባች?› ብዬ ጠየቅኩ።»

አክስቴ ሳቀች። ምስሩ ከትሪው እስኪፈስ ድረስ ሳቀች። እኔም ተንከባለልኩ። መሬት ላይ ሆኜ ቀና ስል መሳቅ አቁማለች፤ የፈሰሰውን ምስር አንድ በአንድ ትለቅማለች። አፈርኩ፤ አዘንኩላትም። ለዚያች ሴት ያዘንኩበት የመጀመሪያ ቀን ያ ነው። ምስሩን አብሬያት ለቀምኩ። ስንጨርስ ቆነጠጠችኝ፤ ግን ጠበቅ አላደረገችውም።

እህቴ ትምህርቷን ጨረሰች። ለመጨረሻው ፈተና ስትቀመጥ የስድስት ወር ልጇን አዝላ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትጠብቃት የዋለችው አክስቴ ናት። «ጡት ሊጠባ ነው፣ ጥያቄውን ቶሎ ቶሎ ስጧት» እያለች ዘበኛውን ስታስቸግረው እንደ ነበር ሰምተናል። እህቴ አስተማሪ ሆነች፤ እኔም ታይፕ ተምሬ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ።

ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው የእኔ ተራ ደረሰ። ያው ግቢ፣ ያው መጋረጃ፣ ያው አረንጓዴ ሻል። ምን እንደምል አንድ ወር ሙሉ ስፎክር ከርሜያለሁ፤ ሥራዬን እንደማልለቅ ኒካሁ ላይ አስጽፋለሁ፣ ልምምድም አያስፈልገኝም ብያለሁ። አክስቴ አርጅታለች፤ ዓይኗ ደክሟል፤ አጠገቤ ካልተቀመጥኩ ብላ ግን ሰው አስቸገረች።

ምስክሮቹ ጠየቁኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። ሻሉ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ላብ አጥምቆኛል። ሁለተኛ ጠየቁኝ። ያ ለሰው ሲሆን የማያርፍ አፌ ለራሴ ሲሆን ተለጎመ። እህቴን ያን ጊዜ ነው በደንብ ያወቅኳት። ምስክሩ ሦስተኛውን ሊጠይቅ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ።

ጭኔ ላይ፣ ድሮ የማውቀው ቦታ ላይ፣ ሁለት የደረቁ ጣቶች አረፉ። ያዙኝና አዞሩኝ። እንደዚያ ጠንክራ ቆንጥጣኝ አታውቅም።

«ተኝተሻል እንዴ?» አለችኝ አክስቴ በጆሮዬ።

የሰጠሁትን መልስ ዳሱ ውስጥ ያሉት ብቻ ሳይሆኑ መንገድ ላይ የሚያልፈውም ሰማው ይላሉ።