የከዲሮ ሕመም በወልደጻድቅ አፍ

«የጭላሎ ደመና፣ ምነው ማልቀስህ…»

ቀጣዩ ስንኝ ጠፍቶታል። ወልደጻድቅ ካፖርቱን ደርቦ በሐኪም ቤቱ በር ላይ እንደቆመ ያቺኑ አንዷን ስንኝ ደጋግሞ ያንጎራጉራል፤ የጎደለውን «እምም» እያለ በዜማ ይሞላዋል። በ1963 ዓ.ም. ክረምት ያንን እንጉርጉሮ ሳይሰማ እዚያ አሰላ ሐኪም ቤት የገባ በሽተኛ አልነበረም።

ሥራው ዘበኝነት ነው። የሰው አረማመድ፣ የሰው ሳል በመቅዳት ግን የሚያህለው የለም። የድሬሰር ተማሪዎችን የምታስተምረው ሲስተር አይናለም ከበሩ ያነሳችው ይህን አይታ ነው። ተማሪ እውነተኛ በሽተኛ ከመንካቱ በፊት፣ ታምሜያለሁ በሚል ጤነኛ ሰው ላይ ይለማመድ ባይ ናት። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ወልደጻድቅ ካፖርቱን አውልቆ አልጋ ላይ ይወጣል፤ አንድ ሳምንት ሳንባ፣ አንድ ሳምንት ወባ ነው። ተማሪዎቹ ይጠይቁታል፣ ይደባብሱታል፤ እሱ ያቃስታል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሲስተር አይናለም፣ «ዛሬ የሆድ ሕመም ነው አቶ ወልደጻድቅ» አለችው። «ማቃሰቱን ለእርስዎ ትቻለሁ።»

ወልደጻድቅ የሚቀዳውን ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። ከግድግዳው ባሻገር ባለው ክፍል፣ ጮሌ ከሚባል አገር በቃሬዛ የመጣ ከዲሮ የሚባል ገበሬ ኦፕራሲዮን እየጠበቀ ተኝቷል። ሦስት ቀን ሲያቃስት ሰምቶታል። ያንን ድምፅ አወጣው። «ወዮ፣ ያ ሃዳኮ!» እያለ እንደ ከዲሮ በኦሮምኛ እናቱን ጠራ፤ መጨረሻው ላይ እንደ ጥጃ ቀጠነ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ሊወልዱ ነው!» አለ አሰግድ የሚባለው ተማሪ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሲብስ ወልደጻድቅም ጩኸቱን አባሰው።

በሩ ተበረገደ። የከዲሮ ሚስት ናት። ባሏን ወደዚህ ያመጡባት መስሏት፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ የያዘ የእንጨት ገበታ እንዳቀፈች ሮጣ ገባች። አልጋው ላይ ዘበኛውን ስታይ ፊቷ ራራ።

«አንተንም ያዘህ እንዴ?» እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች። «አይዞህ ወንድሜ፣ አላህ ይማርህ።»

አልታመምኩም ማለት አቃተው። ዓይኑን ጨፈነና አንዴ፣ ቀስ ብሎ፣ አቃሰተ።

«አልታመመም እህቴ፤ ለትምህርት ነው» አለች ሲስተር አይናለም።

እጇ ከግንባሩ ተነሳ። «ድምፁ የባሌ ነው» አለችና ወጣች።

ያቺ እጅ! ቀዝቃዛ ነበረች፤ ቅቤ ቅቤ ትል ነበር። ሽታዋ ከግንባሩ አልለቅ አለ፤ ዝናቡም አላጠበውም። ወልደጻድቅ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም። እንጉርጉሮውም ቆመ። ረቡዕ፣ ተማሪዎቹ ጾም ነው ብለው ተዉት። ሐሙስ ግን፣ «የዛሬው ደግሞ የማን ጾም ነው ጋሼ?» እያሉ ተሳለቁበት።

ያን ዕለት በምሳ ሰዓት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከዲሮ ዘንድ ገባ። ከዲሮ ከኦፕራሲዮን ከወጣ አንድ ቀኑ ነው። ሚስቱ ዘበኛውን ስታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ይቅር በለኝ ከዲሮ። ማክሰኞ ዕለት…»

«ሰምቼሃለሁ። ግድግዳው ስስ ነው።» ድምፁ ደክሟል። «መጀመሪያ እኔ የጮህኩ መስሎኝ አፌን በእጄ ያዝኩ። ጩኸቱ አልቆም ሲል ነው ሌላ ሰው መሆኑን ያወቅኩት።»

ወልደጻድቅ መሬት መሬቱን አየ።

«ደግሞም አልቻልክበትም» አለ ከዲሮ። «እኔ ሲመጣብኝ ትንፋሼን ነው የምይዘው። የምጮኸው ሲለቀኝ ነው። ልጆቹን አሳስተሃቸዋል።»

«ማክሰኞ አስተካክዬ አሳያቸዋለሁ።»

«አሳያቸው። እናቴን ግን አትጥራ።»

«አልጠራም።»

ከዲሮ በአገጩ ወደ ገበታው አመለከተ። «ይህን ሁሉ መንገድ ተሸክማ አመጣችው፤ እኔን ሐኪሙ ውሃ እንኳ ከልክሎኛል። አንተ ብላልኝ፣ እኔ ልይህ።»

«ኧረ እኔ አይገባኝም…»

«ተቀመጥ» አለች ሚስትየዋ። አሁንም አላየችውም፤ ገበታውን ብቻ በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

ወልደጻድቅ አልጋው አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከጭኮው ቆርሶ ጎረሰ፤ ያው የእጇ ሽታ ነው። አንገቱን እንደደፋ አላመጠ። ከዲሮም ጉሮሮ ጉሮሮውን እያየ አብሮት ዋጠ።