የእናኑ ወፍራም ቅጠል

ፍኖተ ሰላም ችግኝ ጣቢያ የገባሁ ቀን ጥፋት ሠራሁ። አልነገሩኝም አልልም፤ ኃላፊው «ወፍራም ቅጠሎቹን እንዳትነካ» ብሎኝ ነበር። ቅጠላቸው ውሃ የቋጠረ፣ እንደ ጽጌረዳ ዙሪያውን የተደረደረ ትንንሽ የጌጥ ተክሎች ናቸው። እኔ የሽንዲ ገበሬ ልጅ፣ አፈሩ ደርቆ ሳይ አንጀቴ አልቻለም። በባልዲ አጠጣኋቸው።

በሳምንቱ ግንዳቸው ጠቁሮ ላሸቀ።

የምትንከባከባቸው እናኑ ነበረች። «አንተ፣ የቆጋ መስኖ ሽንኩርት መሰለህ?» አለችኝ። ጣቴን ይዛ ከተረፉት የአንዱን ቅጠል አስጨበጠችኝ። «ጠንካራ ከሆነ ጠግቧል፤ እለፈው። ሲሸበሸብ ታጠጣዋለህ።»

አሸዋ ከአፈር መቀላቀል፣ ጣሳ በምስማር መብሳት ከእሷ ተማርሁ። ደህና ቅጠል ከሥሩ ገንጥለህ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ላይ ታቆያለህ፤ ከዚያ አሸዋ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ከአንድ ቅጠል ሙሉ ተክል ይወጣል።

ኋላ ተጋባን። በሠርጋችን ሳምንት አንድ ቅጠል በቲማቲም ጣሳ ተከለች፤ በረንዳችን ላይ አደገ። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ጠዋት ጠዋት የዚያን ተክል ቅጠል ጨበጥ አድርጋ ነበር ወደ ሥራ የምትወጣው።

አምና ክረምት ሞተችብኝ።

በእኛ አገር ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም፤ ቤቱን ጎረቤት ይይዘዋል። እማማ ጥሩዬ፣ የጎረቤታችን አሮጊት፣ በየማለዳው በጣሳው ላይ ውሃ ያፈሱ ነበር። «እሷስ ሄደች፤ አበባዋ እንኳ አይጥማባት» ይላሉ። ፀሐይ የለም፣ አፈሩ አይደርቅም። የሚሆነውን አውቃለሁ። ግን እንዲያ እያለቀሱ የሚያጠጡትን ሰው ምን ብዬ ልከልክል? «እግዜር ይስጥልኝ» እላቸዋለሁ።

አርባዋ ወጥቶ ሰው ሲበተን ጣሳውን አነሳሁት። ግንዱ ላሽቋል። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ጨበጥኋቸው፤ አንድ ጠንካራ ባገኝ ሌላ አወጣበት ነበር። ሁሉም በጣቴ ፈረጡ። በቀብሯ እንኳ እንደዚያ ቀን አላለቀስሁም።

በማግስቱ እማማ ጥሩዬ ባዶውን ጣሳ አዩት። «ምነው ልጄ፣ ውሃ አጎደልሁባት እንዴ?»

«የለም እማማ፣ ዕድሜዋ ነው» አልኋቸው።

አዲስ ለሚገቡ ሠራተኞች የምነግራቸው ግን እንዲህ ነው። ከማጠጣታችሁ በፊት ቅጠሉን ጨብጡት። ያለጊዜው የሚያጠጣ ሰው ካያችሁ፣ የምትወዱትም ቢሆን ያኔውኑ ንገሩት። ቅር ይለው ይሆናል፤ ተክሉ ግን ይተርፋል።