ለአክስቴ ሳስተረጉም የዋጥኩት ነገር

ይህን ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው ተንፍሼ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ጎረቤቴ ግማሹን ነገርኳት። ሌላው ግማሽ ግን አሁንም ደረቴ ላይ ነው፤ የባሰውም እሱ ነው። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን የንስሐ አባት አላቸው፤ ቤታቸው መጥቶ ያዳምጣቸዋል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልማድ የለም፤ ጸሎት ቤታችንም በመንግሥት ከታሸገ ቆየ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ እናንተ ስሙኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ማሳመር አልችልም። ባሳምረውም ደግ አይደለም።

አክስቴ ዳንጊሴ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። እናቴ ስትሞት ከገጠር አምጥታ፣ አዋሳ ታቦር ሥር ባለችው አንድ ክፍል ቤቷ አሳደገችኝ። ባሏ ቀድሞ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ገበያ ላይ ቅቤ ትሸጥ ነበር። አማርኛ የምታውቀው ለገበያ የሚበቃውን ያህል ነው። በዋጋ ከሆነ ማንንም ትረታለች፤ ከዚያ ያለፈውን የምናገርላት እኔ ነበርኩ። ቀበሌ ስትጠራ እኔ፣ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ እኔ። ዓይነ አፋር ነኝ፤ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ለእሷ ስል ግን እናገር ነበር። "እኔ ገበያ ስውል ምላሴ ትምህርት ቤት ትውላለች" እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ገደማ የወር አበባዋ ቆመ። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ያህል ሲሄድ ሲመጣ ቆይቶ ነበር። ሙቀት በድንገት ከደረቷ ይነሳና ላብ ያጠምቃታል፤ ገበያ መሃል ነጠላዋን ጥላ በቆርቆሮ ክዳን ታራግባለች። "ቅቤው ሳይቀልጥ ባለቤቱ ቀለጠች!" እያሉ ሴቶቹ ይስቁባታል። እሷም አትተናነስም፤ "ደሜ ጡረታ ወጥቷል፤ መንግሥት አበሉን እስኪልክልኝ ነው የምጠብቀው" ትላቸዋለች። ቤት ስንገባ ግን አትስቅም። ደፉ ላይ ተቀምጣ፣ ነፋሱ ፊቷን እንዲመታት ወደ ሐይቁ ዞራ ታመሻለች። ምን ሆንሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ልጅ ስለዚህ ነገር አይጠይቅም ብዬ ነበር። ይህም ጥፋቴ ነው፤ ግን ትንሹ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደሙ ተመለሰ። መጀመሪያ ጠብታ ነበር። የማርቆስ እናት የምንላት ጎረቤታችን ይህን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

"ልጅነትሽ ተመለሰ! እንግዲህ ባል እንፈልግልሽ" አለቻት። "እኔ እንኳ ሽማግሌ ሆኜ እላካለሁ።"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ከቆመ በኋላ የሚመለስ ደም ክፉ ምልክት መሆኑን ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። አክስቴ ግን ሰውነቷ የሚነግራት ነገር ነበር። ወገቧን ያማት ጀመር፤ ደሙም ሽታ አመጣ። አንድ ቀን ጠዋት ገበያ መሄዷን ትታ አስቀመጠችኝና ሁሉን ዘርዝራ ነገረችኝ። ለእኔ መንገር ቀሏት አልነበረም፤ መሬት መሬት እያየች ነበር የምታወራው። "ለሐኪሙ እንዳለ ንገሪልኝ፤ አንድም እንዳታስቀሪ" አለችኝ።

ከቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት አውጥቼ ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምለውን በልቤ ሳጠና ነበር፤ "የወር አበባዋ ከቆመ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አሁን ግን ደም ይፈሳታል።" ይኸው ነው። አሁን ስጽፈው ሁለት መስመር እንኳ አልሞላም።

ክፍሉ ውስጥ በሐኪም ፋንታ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ወጣት ወንድ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች መቃኑን ተደግፈው ያያሉ። ከመካከላቸው አብረውኝ የተማሩ ሁለት ልጆች ነበሩ።

"እናቴ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?" አላት። በትሕትና ነው የጠየቃት።

አክስቴ በሲዳምኛ ተናገረች። አንድም አላስቀረችም። ስትጨርስ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። በሩ ላይ ያሉትም ዞሩ። አፌን ከፈትኩ።

"ሆዷን ይቆርጣታል" አልኩ።

"ይህን ሁሉ ተናግረው ቁርጠት ብቻ?" አለና ፈገግ አለ። በሩ ላይ ያሉት ሳቁ። "ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። በሩን ዝጋልኝ ማለት አልችልም ነበር? ሴት ነርስ ትጠራልኝ ማለትስ? እሺ፣ አፌ እንቢ አለኝ እንበል፤ እጄስ? ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ሁለት መስመር ወረቀት ላይ ጽፋ መስጠት ያቅታታል? አላቃተኝም። አላደረግሁትም። ድሬሰሩ የትል መድኃኒት ሰጣት፤ ይዘን ወጣን።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

"ሁሉን ነገርሽው?"

"ሁሉን።"

"ደሙንም?"

"ደሙንም።"

"ምን አለ ታዲያ?"

"በዚህ ዕድሜ ያለ ነው አለ።"

እንዴት እንደቀለላት ባያችሁ! ትከሻዋ ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን አለች። እንኳን ደስ አለን ብላ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወሰደችኝ፤ ዓሣ አስጠብሳ ጋበዘችኝ። እሾሁን እየለቀመች ሥጋውን ወደ እኔ ትገፋ ነበር። እኔም በላሁ። ጠግቤ በላሁ።

ከዚያ በኋላ በገበያ ለጠየቃት ሁሉ፣ "ለሐኪም ነግሬ ያለ ነው ብሎኛል" ትል ጀመር። ሴቶቹም አመኑ። የእኔ ውሸት በእሷ አፍ ከሰው ወደ ሰው ዞረ።

እስከዚህ ያለውን ነው ባለፈው ሳምንት የተናገርኩት። አሁን ያላወራሁትን ልጻፍ።

ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት አክስቴ ነጠላዋን ለብሳ ተነሳች። ደሙ በዝቶባት ነበር፤ ጨርቋን እኔ እንዳላይ ደብቃ ስታጥብ አይቻታለሁ። ፊቷ ገርጥቶ ነበር። "ልመለስና ልታይ፤ መድኃኒቱ አልሠራም። አንቺ ሥራ ካለሽ ከማርቆስ እናት ምራት ጋር እሄዳለሁ" አለችኝ።

ምራቲቱ አማርኛ ታውቃለች። ዓይነ አፋርም አይደለችም። ይዛት ብትሄድ ኖሮ ሁሉን ትናገርላት ነበር፤ እኔ ምንም መናገር አልነበረብኝም። ዝም ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ግን ድሬሰሩ፣ "ያን ጊዜ ቁርጠት ብቻ ነው የተባልኩት" ቢልስ? ምራቲቱ ለሰፈሩ ብታወራስ? የፈራሁት ለአክስቴ ሳይሆን ለራሴ ነበር። ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ያ ድሬሰር ተዛውሯል፤ ካርድሽን የሚያውቅ ሰው የለም። ደግሞ ቀስ ብሎ ይተዋታል ብሎኛል፤ መድኃኒቱን ጨርሺ" አልኳት።

አልተዛወረም ነበር። አክስቴ ትንሽ ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

ጤና ጣቢያ ያደረግሁትን ዕፍረት ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ይህንንስ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ስሙን አውቀዋለሁ።

ክረምቱ ሲያልቅ ገበያ መሃል ወደቀች። ሰዎች ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። እዚያ ሲዳምኛ የምትናገር ነርስ ነበረች፤ አስተርጓሚ አላስፈለገም። አክስቴ ሁሉን ነገረቻት፤ ከዚህ በፊት መታየቷንም፣ የትል መድኃኒት መቀበሏንም። ነርሷ ተናደደች። "ይህን ሰምቶ የትል መድኃኒት የሚሰጥ ምን ዓይነት ሰው ነው?" አለች። እኔ አልጋው እግር ሥር ቆሜ ነበር። በኋላ ለብቻዬ ጠርታ የማኅፀን ነቀርሳ መሆኑን፣ መስፋፋቱንም ነገረችኝ። ከወራት በፊት ብትመጡ አንድ ነገር ይሞከር ነበር አለች። ትድን ነበር አላለችም። ትድን ይሆን? አላውቅም። አለማወቄ ግን መደበቂያ አይሆነኝም፤ እንዳይሞከር ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አክስቴን ቀበርናት። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ድሬሰሩን ረገመ። በሰፈራችን ሲያልፍ ሴቶች ፊታቸውን ያዞሩበት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ "እንደምን ዋላችሁ" ይላቸዋል። ይህንንም ቆሜ አየሁ።

ባለፈው ሳምንት የማርቆስ እናት ቡና ቁርስ ልትበደር መጥታ፣ ወሬ በወሬ ላይ፣ የእሷም ደም ከሁለት ዓመት በኋላ መመለሱን ነገረችኝ። ጤና ጣቢያ ሂጂ አልኳት።

"ሄጄ ምን ላገኝ? አክስትሽ ሁሉን ነግራቸው የለም ወይ? ምን አደረጉላት?"

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ስለ ደሙ አለመናገሬን፣ ደሙንም ነግሬዋለሁ ብዬ መዋሸቴን። ድምፄ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም። ያመጣችውን ሰሃን ባዶውን አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

"አብሬሽ ልሂድ። አሁን እናገራለሁ" አልኳት።

"አንቺ እዚሁ ቆዪ" አለችኝ። "ምራቴ ትበቃኛለች።"

በማግስቱ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከበሬ ላይ ሆኜ አየኋቸው። ወደ ሆስፒታል ልከዋታል፤ እዚያም አስተኝተዋታል። ከዚያ በላይ የሚነግረኝ የለም፤ እኔም የመጠየቅ መብት የለኝም። ቤቴን የሚያንኳኳ ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። አክስቴ ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት እጇን ራሴ ላይ ጭና መረቀችኝ። "በሰው ፊት ስለ እኔ የቆምሽ ልጄ" አለች። "አንደበትሽ ይባረክ። የተናገርሽው ሁሉ ይሰማልሽ።" ድምፅዋ ደክሞ ስለነበር ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠግቼ ነው የሰማኋት። ከእኛ በቀር በክፍሉ ማንም አልነበረም። ልነግራት እችል ነበር፤ ጊዜም ነበረኝ።

"አሜን" አልኩ።

ስለ ጤና ጣቢያው፣ "ልጅ ነበረች" ብሎ የሚያዝንልኝ ሰው ካለ አልከለክለውም። ለዚያ አሜን ግን ማንም ሰበብ አይፈልግልኝ። እያወቅሁ ነው ያልኩት።